ያገለገለና ያልተነካ፦ አራት የመታሰቢያ ሳንቲሞች በመስኮቴ ብርሃን

ታናሽ ወንድሜ ለፋሲካ ከአሜሪካ ሲመጣ አራት ሳንቲሞች ይዞልኝ መጣ። «እታለም፣ ያዘዝሽኝን አንድም አላስቀረሁም» አለና በካልሲ የጠቀለለውን ጠረጴዛዬ ላይ ፈታው። ሁለቱ የኮሎምበስ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ የጥቁር አሜሪካዊው መምህር የቡከር ቲ ዋሽንግተን። ከየዓይነቱ አንዱ በሰው እጅ ሲዞር የኖረ ነው። ሌላው ገበያ ወጥቶ አያውቅም። ሆን ብዬ ነው እንዲህ ያዘዝኩት። ያገለገለውንና ያልተነካውን ጎን ለጎን አስቀምጬ ለማየት ስመኝ ኖሬያለሁ።

ሦስት ወር ሙሉ አየኋቸው። ገና ሳንቲም መሰብሰብ የጀመራችሁ ካላችሁ ገንዘባችሁን የቱ ላይ እንደምታወጡ ያየሁትን ልንገራችሁ።

እዚህ አዳማ ባንክ ውስጥ 23 ዓመት ገንዘብ ከፋይ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስንት ከረጢት ሳንቲም ቆጥሬ እንዳሸግኩ ፈጣሪ ይወቀው። ያኔ ሳንቲም ለእኔ ቁጥር ብቻ ነበር። ግን ጣት አይረሳም። የከረመ ሳንቲም ጠርዙ ይለሰልሳል። አዲሱ ደግሞ ጣት ላይ ነከስ ያደርጋል። ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ከአራቱ ሁለቱን መለየት እችላለሁ።

ከኮሎምበስ ልጀምር። አሜሪካ ያወጣችው የመጀመሪያው የመታሰቢያ ሳንቲም ይህ ነው። ኮሎምበስ ወደዚያ ምድር የሄደበትን 400ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ቺካጎ ላይ እ.ኤ.አ. በ1893 ትልቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶ ነበር። ሳንቲሙ የወጣው ለዚያ ማገዣ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈው ዋጋ ሃምሳ ሳንቲም ነው። የተሸጠው ግን በአንድ ዶላር ነበር፣ ማለትም በእጥፍ። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1892 እና በ1893 ነው። የመጀመሪያውን ፍሬ የሬሚንግተን የጽሕፈት መኪና ሻጮች በ10,000 ዶላር ገዝተውታል። ለማስታወቂያ መሆኑ ነው።

ሕዝቡ ግን እንደታሰበው አልተሻማበትም። ሃምሳ ሳንቲምን በዶላር ማን ይገዛል? በሚሊዮን የሚቆጠር ሳንቲም ሳይሸጥ ተረፈ። ብዙው ቀለጠ። የቀረው በተጻፈበት ዋጋ ወደ ገበያ ተለቀቀ። እንደ ማንኛውም ሃምሳ ሳንቲም ዳቦ ተገዛበት፣ የቤት ኪራይ ተከፈለበት፣ ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ሲፋተግ ኖረ። ለዚህ ነው ዛሬ ያገለገለ ኮሎምበስ በቀላሉ የሚገኘው። የመታሰቢያ ሳንቲም ብዙ ጊዜ ሳጥን ውስጥ ነው የሚያረጀው። ይሄኛው ግን ሥራ ሠርቷል።

የእኔ ሁለቱም የ1893 ናቸው። ያገለገለውን አጉሊ መነጽር ስር ሳደርገው መጀመሪያ ያየሁት ግንባሩን ነው። ከግንባሩ በላይ ያለው ጸጉር አንድ ላይ ተጣብቆ ተድበስብሷል። ቅንድቡ ጠፍቷል። ጉንጩ የታጠበበት ሳሙና ይመስላል፣ ልሙጥ። ያልተነካው ላይ ግን ጸጉሩን ክር በክር መቁጠር ይቻላል። ቅንድቡም ከፊቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። መርከቧ ሳንታ ማሪያ አለች፣ ከሥሯ ሁለት የዓለም ካርታ ክቦች። ከክቦቹ ግራና ቀኝ 14 እና 92 ተጽፏል፣ 1492 ለማለት። ያገለገለው ላይ ቁጥሮቹ አልጠፉም። የሸራው እጥፋት ግን ሄዷል። ሸራው ነፋስ የሌለበት አንሶላ መስሏል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሳንቲም የሚያልቀው ከከፍታው ነው። እጅ፣ ኪስ፣ ጠረጴዛ መጀመሪያ የሚነካው ብቅ ያለውን ቦታ ነው። ስለዚህ ሻጭ «አዲስ ነው» ሲላችሁ የፊደሉን ጥራት አትዩ። ፊደል በጠርዙ ስለሚጠበቅ ቶሎ አይነካም። ኮሎምበስ ከሆነ ቅንድቡን፣ ጉንጩንና የሸራውን ጫፍ ተመልከቱ። እዚያ ላይ ቀለሙ ከሌላው ቦታ ተለይቶ ዳመን ካለ፣ ሳንቲሙ ትንሽም ቢሆን ከሰው እጅ ገብቷል።

ጎረቤቴ ወርቅ ሠሪ ነው። ሚዛኑን ተውሼ መዘንኳቸው። ሳንቲሙ ሲመታ 12.5 ግራም ነው፣ ከመቶው 90 እጁ ብር። ያልተነካው ልክ 12.5 ሆነ። ያገለገለው 12.28 ወጣ። ወርቅ ሠሪው ሚዛኑን አየት አደረገና «እትዬ፣ የጎደለው የት ሄደ ይላሉ?» አለኝ። ስንት ሰው እጅ ላይ እንደቀረ አሰብኩ። ከሩብ ግራም ያነሰ ብር ነው። ግን አንድ ሳንቲም ያን ያህል ለመሳሳት ብዙ ዓመት መዞር አለበት።

አሁን ዋናው ነገር። ያልተነካ ሳንቲም የሚሸጠው በብርሃኑ ነው። ጥርት ያለ ምስል ብቻውን አይበቃም።

የቤቴ መስኮት በምሥራቅ በኩል ነው። ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ፀሐይ በቀጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ትወድቃለች። ሳንቲሙን በጠርዙ ይዤ ቀስ ብዬ አዘነብለዋለሁ። ያልተነካው ላይ ከመሐል ወደ ጠርዝ የተዘረጋ የብርሃን ጨረር ይነሳና ይዞራል። እኔ ሳዘነብል እሱ ይዞራል። አሜሪካኖች «የጋሪ ጎማ» ይሉታል። የእኛ አዳማ ጋሪ የመኪና ጎማ ስለሚገጠምለት፣ ለእኔ የብስክሌት ጎማ ራጂ ፀሐይ ላይ ሲሽከረከር ይመስለኛል። አንዴ ካያችሁት አትረሱትም።

ይህ ከምን ይመጣል? ሳንቲም ሲመታ ብሩ በማተሚያው ብረት ጫና ከመሐል ወደ ዳር ይፈሳል። ሲፈስ በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን መስመሮች ይተዋል። ብርሃኑን የሚያዞሩት እነሱ ናቸው። እጅ በነካካ ቁጥር እነዚያ መስመሮች ይላጫሉ። ከተላጩ በኋላ በምንም መድኃኒት አይመለሱም። ያገለገለው ኮሎምበስ ላይ ፈልጌ ፈልጌ በፊደሎቹ መካከል ብቻ ጭላንጭል አገኘሁ። የቀረው ፈዝዞ ግራጫ ሆኗል። ግራጫው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም እኔ እወደዋለሁ። ጎድጓዳው ቦታ ጠቆር፣ ከፍታው ነጣ ስላለ ምስሉ ከሩቅ ይታያል።

በረጅም የፍሎረሰንት አምፖል ስር ይህን አትሞክሩት። ያ ብርሃን ተበታትኖ ስለሚመጣ ሁሉንም ሳንቲም እኩል ያደርገዋል። ፀሐይ ከሌለ አንድ ተራ ክብ አምፖል ይበቃል።

ይህን የመስኮት ሙከራ የተማርኩት በገንዘቤ ነው። የዛሬ ዓመት ከአንድ ሻጭ የጃንሆይን የብር ሃምሳ ሳንቲም ገዛሁ፣ የ1936 ዓ.ም. የሚለውን። «ከባንክ እንደወጣ ነው፣ ሰው እጅ አልገባም» አለኝ። እውነትም ያበራል። 1,800 ብር ከፈልኩ። ቤት አምጥቼ መስኮቱ ጋ ሳዘነብለው ብርሃኑ አይዞርም። ሙሉ ፊቱ ባንዴ ቦግ ይላል፣ ባንዴ ይጠፋል። ልክ እንደታጠበ የአሉሚኒየም ድስት። በአጉሊ መነጽር ሳየው ከዳር እስከ ዳር ወደ አንድ አቅጣጫ የሄደ ጭረት ሞልቶታል። በፊደሎቹ ጥግ ላይ የደረቀ ነገር ተሰግስጓል። የጃንሆይ ጸጉር ደግሞ ልሙጥ ነው። ወርቅ ሠሪው ገና ከማየቱ «ይሄማ በማሽን የተወለወለ ነው፤ ጥጉ ላይ የቀረው የመወልወያው ቅባት ነው» አለኝ። ሻጩ ጋ ብመለስ «እኔም እንደዚሁ ነው የገዛሁት» አለ። ብሬን አልመለሰልኝም። በጣም ነው ያዘንኩት። ያዘንኩት ለብሩ ብቻ አይደለም። ሳንቲሙ እንዳረጀ ቢተውት ኖሮ ደስ ብሎኝ በልኩ እገዛው ነበር። አሁን አሮጌም አዲስም አይደለም።

የማስመሰሉ ነገር ድሮም ነበር። በዚያው በ1936 ዓ.ም. የወጣው ሃያ አምስት ሳንቲም መጀመሪያ ክብ ነበር፣ ከመዳብ የተሠራ። መጠኑ ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር ስለሚቀራረብ ሰዎች ብር እየቀቡ በሃምሳ አሳለፉት። መንግሥትም ሰበሰበውና ጠርዙን እንደ አበባ ቅጠል ሞገድ ሞገድ አድርጎ እንደገና አወጣው። ያን ሞገደኛ ሃያ አምስት ሳንቲም ወላጆቻችን ቤት ያላየ ያለ አይመስለኝም።

ጠገራ ብርም እንዲሁ ነው። ማርትሬዛ የምንላት የኦስትሪያዋ ንግሥት ፊት ያለበት፣ መቼም ቢመታ 1780 የሚል ዓመት የሚጻፍበት፣ 28 ግራም የሚሆነው። ድሮ በገበያችን ፊቷና የትከሻዋ የዕንቁ ጌጥ ጥርት ብሎ ካልታየ ነጋዴ አይቀበልም ነበር። አያቴ ይህን ትነግረኝ ነበር። «የተበላ ጠገራ ይዘሽ ገበያ ከወጣሽ፣ ይዘሽው ትመለሺያለሽ» ትል ነበር። ስለዚህ ያገለገለና ያልተነካ መለየት ከፈረንጅ የመጣብን ትምህርት አይደለም።

የአያቴ ጠገራ አንድ አለኝ። 12 ዓመቴ ሳለ ለበዓል ላሳምርላት ብዬ በሎሚና በአመድ ፈተግሁት። እንደ መስታወት አበራ። አያቴ አየችውና ዝም አለች። ያ ዝምታ አሁን ነው የገባኝ። አመዱ የሠራው ጭረት ዛሬም ንግሥቲቱ ጉንጭ ላይ አለ። እባካችሁ ሳንቲም አትጠቡ፣ አትፈትጉ፣ በልብሳችሁ ጫፍ እንኳ አትጥረጉ። በተለይ እኛ ጋ። የአዳማ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ደቃቅ አሸዋ ነው። ጨርቅ ላይ ካለ እንደ ሞረድ ይበላል።

ወደ ቡከር ቲ ዋሽንግተን ልሂድ። እነዚህን ሁለቱን ስይዝ ልቤ ይሞቃል። ሰውየው ቨርጂኒያ ውስጥ በባርነት ተወልዶ ኋላ በአላባማ የታስኪጊን ትምህርት ቤት ያቋቋመ ነው። በአሜሪካ ሳንቲም ላይ መልኩ የወጣ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ እሱ ነው። ሳንቲሙን የቀረጸው አይዛክ ስኮት ሃታዌይም ጥቁር ነው፤ የአሜሪካን ሳንቲም በመቅረጽ የመጀመሪያው። ከ1946 እስከ 1951 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የሽያጩ ገቢ ለቡከር መታሰቢያ ሥራ እንዲውል የታሰበ ነበር። ጀርባው ላይ ከላይ የታላላቅ አሜሪካውያን የክብር አዳራሽ፣ ከታች የባሪያ ጎጆ አለ። በመሐላቸው «ከባሪያ ጎጆ ወደ ክብር አዳራሽ» የሚል ጽሑፍ። ወንድሜ ይህን ሲያነብልኝ እንባዬ መጣ።

ግን የሳንቲሙን ጉድለት አልደብቅም። ይህ ሳንቲም ሲያረጅ አያምርበትም። ኮሎምበስ ሲያረጅ መርከቡ ይቀርለታል። ቡከር ሲያረጅ ግን መጀመሪያ የሚሄደው ጉንጩና አፍንጫው ነው፣ ማለትም ሰውየው ራሱ። የእኔ ያገለገለው ላይ ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኗል። የመሐሉ ጽሑፍም የምትነበበው በግማሽ ነው። ያን የመሰለ ቃል በግማሽ ማንበብ ይከብዳል።

ያልተነካውም ቢሆን ብዙ ሰው ያሳስታል። መጀመሪያ ሳየው «ወንድሜን አታለውታል» አልኩ። ጉንጩ ላይ ሸካራ ነገር አለ፣ የተፋቀ የሚመስል። ሰባት ትንንሽ ጠባሳም ቆጠርኩ። ግን መስኮቱ ጋ ሳዘነብለው ብርሃኑ በሸካራው ላይ ሳይቆረጥ አልፎ ዞረ። ያኔ ገባኝ። ሸካራው ሳይመታ በፊት በጠፍጣፋው ብር ላይ የነበረ ነው። ማተሚያው ጉንጩ ላይ በደንብ ስላልደረሰ ሳይስተካከል ቀርቷል። ይህ ከውልደቱ ነው፣ ከእጅ የመጣ ማለቅ አይደለም። ጠባሳዎቹ ደግሞ ከማሽን ወደ ከረጢት ሲወድቅ ከሌሎቹ ጋር ተጋጭቶ ያገኛቸው ናቸው። ከረጢት ሙሉ ሳንቲም ያነሳ ሰው ይህን ያውቃል። «ያልተነካ» ማለት «እንከን የሌለው» ማለት አይደለም። ገበያ አልዞረም ማለት ብቻ ነው። ልዩነቱን ብርሃኑ ይነግራችኋል፦ በማለቅ ቦታ ብርሃን ይሞታል፣ በደካማ ምት ቦታ አይሞትም።

ይሄኛው የመጣው በታሸገ ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ነው። 64 የሚል የጥራት ነጥብ ተጽፎበታል። መለኪያው ከ1 እስከ 70 ሲሆን ከ60 ጀምሮ ያሉት ገበያ ያልነካቸው ናቸው። ስለ ማሸጊያው ያለኝ አስተያየት፦ ሐሰተኛ ላለመግዛት ይረዳል፣ ለነፋሳችንም ይበጃል። ግን ጠርዙን ጣቴ ሊነካው አይችልም። ለእኔ ለባንክ ሠራተኛዋ ይህ ያጎድልብኛል። ያልተነካው ኮሎምበስ ግን ያለ ማሸጊያ ነው የመጣው። ጋቢ ዘርግቼ ከላዩ ላይ በጠርዙ ይዤ ነው የማየው፤ ቢወድቅ እንኳ እንዳይጎዳ።

ስለ አቀማመጥ አንድ ነገር ብቻ። የመታወቂያ መያዣ የሚመስለው ለስላሳ ላስቲክ ውስጥ አታስቀምጡ። ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል፣ ብሩንም ይበላል። በገንዘብ ማሰሪያ ጎማ አትሰሩት። ጎማው ውስጥ ያለው ድኝ ብሩን ያጠቁረዋል። ባንክ እያለሁ በጎማ የታሰረ ጥቅል ላይ ጥቁር መስመር አይቼ ከምን እንደመጣ ሳላውቅ ኖሬያለሁ።

ዋጋውን ልንገራችሁና ላብቃ። ወንድሜ ላልተነካው ኮሎምበስ ያገለገለውን ሦስት እጥፍ ከፍሏል። ለቡከር ግን ልዩነቱ ጥቂት ነበር፤ ያልተነካ ቡከር ብዙ ስለሚገኝ። ስለዚህ ምክሬ ሁለት ዓይነት ነው። ኮሎምበስ ከሆነ ያገለገለውን ግዙ። በርካሽ ታገኙታላችሁ፣ ሳትፈሩ ትነኩታላችሁ፣ ታሪኩም ያ ማለቁ ራሱ ነው። ያልተነካውን ዓይናችሁ ከሠለጠነ በኋላ ትደርሱበታላችሁ። ቡከር ከሆነ ግን ጥቂት ጨምራችሁ ያልተነካውን ግዙ። ፊቱን ማየት አለባችሁ። ጽሑፉንም ሙሉውን ማንበብ አለባችሁ። «ያልተነካ ሊባል ምንም አልቀረውም» የሚባለውን መሐል ሰፋሪ ሲያቀርቡላችሁ ደግሞ በአዲስ ዋጋ አትግዙ። ቅንድቡ ላይ ያለችው ትንሿ ድብዝዝታ ዋጋውን ማውረድ አለባት።

ባለፈው ሳምንት የወርቅ ሠሪው ልጅ መጣች። 9 ዓመቷ ነው። አራቱንም ደርድሬ «የቱን ትወጃለሽ?» አልኳት። የታሸገውን አየት አድርጋ ተወችው። ያገለገለውን ኮሎምበስ አንስታ በአውራ ጣቷ ሸራውን ደባበሰችው። «ይሄን ሰው ነክቶታል አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሲመሽ ወደ ቤቷ እስክትሄድ ከእጇ አላወረደችውም።

ወንድሜ ማታ ሲደውል ለሚቀጥለው ጉዞው ትእዛዜን ነገርኩት። አንደኛ፣ የጥቁር አሜሪካዊው ሳይንቲስት የካርቨርና የቡከር ዋሽንግተን ሃምሳ ሳንቲም፣ ከ1951 እስከ 1954 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ያልተነካ። ካልተሸጡት ቡከሮች የቀለጠው ብር እንደገና የተመታው በእሱ ነው፤ ከቡከር አጠገብ ላስቀምጠው እፈልጋለሁ። ሁለተኛ፣ አንድ ያገለገለ ኮሎምበስ። «እታለም፣ እሱ እኮ አለሽ» አለኝ። ለጎረቤት ልጅ ነው አልኩት።